ቦትስዋና ላይ የተኳረፍንበት መጽሐፍ፦ የአንድ የንባብ ቡድን የጉዳይ ጥናት

ይህን የምጽፈው የንባብ ቡድን ለሚያስተባብሩ ሰዎች ነው። ባለፈው ዓመት አንድ መርማሪ ልብ ወለድ ቡድናችንን ሊበትነው ትንሽ ነበር የቀረው። መጽሐፉ የፖለቲካ አይደለም፤ የሃይማኖትም አይደለም። አንዲት ሴት በትንሽ ነጭ መኪና እየዞረች የሰው ችግር የምትፈታበት፣ ሲያነቡት ቀለል የሚል መጽሐፍ ነው። በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ሰው እንዴት ይኳረፋል እያልኩ ብዙ ሰነበትኩ። ያደረግነውን ሁሉ፣ የተሳካውንም ያልተሳካውንም፣ እንዳለ አስቀምጣለሁ። የማንንም ስም አልጠቅስም።

ቡድኑ

11 ሰዎች ነን። የምንኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ነው። በወሩ የመጨረሻ እሑድ ከሰዓት በኋላ በየተራ ቤት እንገናኛለን። ባለተራው ቡና ያፈላል። ብዙውን ጊዜ የምናነበው አማርኛ ነው፤ ግን ለ11 ሰው የሚበቃ ቅጂ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ሁሌ አይሆንም። ስለዚህ በዓመት አንዴም ሁለቴም ከሰፈር ቤተ መጻሕፍት በነፃ የምንዋሰውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እንቀላቅላለን።

ነርስ አለች። ታክሲ የሚነዳ አለ። ድሮ ሒሳብ ያስተምር የነበረ፣ ብዙ የማይናገር ሰው አለ። በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ እዚሁ ያደገች ልጅ አለች። ጡረታ የወጡ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ። ጋሼ ከልጅነታቸው ጀምሮ መርማሪ ልብ ወለድ ሲያነቡ የኖሩ ናቸው፤ ገዳዩን ከደራሲው ቀድመው ካላገኙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

መጽሐፉን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

መጽሐፉ

የአሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ ነው፤ ርዕሱን ወደ እኛ ስንመልሰው «ቁጥር 1 የሴቶች የምርመራ ቢሮ» እንደ ማለት ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከዚያ በኋላ ደራሲው በዚያችው ሴት ላይ ከ20 በላይ መጻሕፍት ጽፏል።

ባለታሪኳ ፕሬሽየስ ራሞትስዌ ትባላለች፤ ሰው ሁሉ የሚጠራት «ማ ራሞትስዌ» ብሎ ነው፤ «ማ» እዚያ ሴት በአክብሮት የምትጠራበት ቃል ነው። የቦትስዋና ሰው ናት። አባቷ በደቡብ አፍሪካ የማዕድን ጉድጓድ ሲሠሩ ኖረው፣ ባጠራቀሙት ከብት ገዝተው፣ ከብቱን ለእሷ ትተውላት ይሞታሉ። እሷ ከብቱን ሸጣ በዋና ከተማው በጋቦሮኔ፣ በክጋሌ ኮረብታ ግርጌ፣ የምርመራ ቢሮ ትከፍታለች። መጽሐፉ የሚጀምረው የቢሮውን ንብረት በመቁጠር ነው። ትንሽ ነጭ መኪና፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ስልክ፣ አሮጌ የጽሕፈት መኪና፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ሦስት ኩባያ። አንዱ ኩባያ የእሷ፣ አንዱ የጸሐፊዋ፣ አንዱ የባለጉዳዩ።

ደራሲው የተወለደው በ1948 እ.ኤ.አ. ቡላዋዮ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ ነው። ነጭ ነው። በቦትስዋና ዩኒቨርሲቲ ሕግ አስተምሯል፣ በኋላም ኤድንብራ የሕግ ፕሮፌሰር ነበር። ይህን የማነሳው ጠቡ ያለው እዚህ ውስጥ ስለሆነ ነው።

ችግሩ

የመጀመሪያውን ስብሰባ የከፈትኩት ሁሌም በምከፍትበት ጥያቄ ነበር፦ «እንዴት አገኛችሁት?»

ጋሼ ቀደሙ። «ይሄ መርማሪ ልብ ወለድ አይደለም» አሉ። አንድ ወንጀል ተነስቶ እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ ትንንሽ ጉዳዮች እየመጡ በየምዕራፉ ይፈታሉ፤ አንባቢው የሚገምተው ነገር የለም። ልጅቷ ቀጠለች። የእሷ ቅሬታ ሌላ ነው። አንድ ነጭ ሰው የአፍሪካን አገር ሻይ እየጠጡ የሚውሉበት፣ ሰው ሁሉ ጨዋ የሆነበት ሰላማዊ መንደር አድርጎ ስሏል፣ ይህ ለቱሪስት የተጻፈ ነው አለች። ነርሷ ደግሞ፣ መጽሐፉ በወጣባቸው ዓመታት ቦትስዋና በዓለም ከፍተኛ የኤችአይቪ ስርጭት ካለባቸው አገሮች አንዷ ነበረች፤ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ግን በሽታው እምብዛም አይነሳም፣ ይህ እንዴት ይዘለላል ብላ ጠየቀች።

ታክሲ ነጂው እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ መኪና ውስጥ እየሰማሁት ቦትስዋና ነበርኩ። ሰው አፍሪካ ውስጥ ተዋርዶ ሳይሆን ተከብሮ ሲኖር የሚያሳይ መጽሐፍ ስንት ጊዜ አጋጥሟችሁ ያውቃል?»

ልጅቷ መለሰችለት። ደራሲው የፈለገው ልክ እንዲህ እንዲሰማህ ነው አለችው። ክፋት አልነበረባትም። እሱ ግን ተታለልክ እንደተባለ አድርጎ ወሰደው። አቦሉን ጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ሥራ አለብኝ ብሎ ተነሳ። በረካ ሳይደርስ ከቡድናችን ሰው ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር። የቀረነው ስለ ሌላ ነገር እያወራን አመሸን። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሰዎች ደውለው በሚቀጥለው ወር አንመጣም አሉኝ።

የወሰድነው እርምጃ

መጀመሪያ ለሁሉም አንድ በአንድ ደወልኩ። ለማስታረቅ አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው፦ መጽሐፉን ስታስብ ቀድሞ ዓይንህ ላይ የሚመጣው የቱ ቦታ ነው?

ከዚያ ስልክ ያወቅኩት ነገር ሁሉን ቀየረው። ከ11ዳችን አራቱ መጽሐፉን ያዳመጡት በድምፅ ነው፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ወደ ስልካቸው አውርደው። ሰባታችን ደግሞ ያነበብነው ከወረቀት ነው። ከአራቱ አዳማጮች ሦስቱ ቦታውን ወደውታል፤ መንገዱን፣ ሙቀቱን፣ ሰላምታውን ያስታውሳሉ። ከአንባቢዎቹ ግን ብዙዎቻችን ስሞቹ ላይ እንደናቀፋለን። አንዷ እንዲህ አለችኝ፦ «ስም ሲመጣ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ አይቼ እዘላለሁ።» የቦታ ስም እየዘለለ ያነበበ ሰው ቦታውን ሊያየው አይችልም። ስለዚህ እኛ ስንከራከር የነበረው አንድ መጽሐፍ ያነበብን መስሎን ነው።

ሁለተኛው ግኝት መምህሩ ነው። ይህ ሰው ጋቦሮኔ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሯል። ያን ቀን ሁለት ሰዓት ያህል ስለ ቦትስዋና ስንጨቃጨቅ ከጎናችን ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣ ነበር። ለምን ዝም አልክ ስለው፣ «የጠየቀኝ ሰው የለም፤ የምትከራከሩትም ስለ ቦታው ሳይሆን ስለ ሰውየው ነበር» አለኝ።

ያልሠራው

በሁለተኛው ስብሰባ ትልቅ ስህተት ሠራሁ። መምህሩን መሀል ላይ አስቀምጬ ዳኛ አደረግኩት። ሰው ሁሉ ተራ በተራ ጠየቀው። ይሄ እውነት ነው? እንዲህ ይባላል? ሴት መርማሪ አይተህ ታውቃለህ? እሱ በጨዋነት መለሰ፤ ግማሽ ሰዓት እንደሄደ ግን ደከመው። «እኔ የኖርኩት ጋቦሮኔ ነው እንጂ መጽሐፉ ውስጥ አይደለም። ስለ አገሩ ሁሉ ልመሰክር አልችልም» አለ። ትክክል ነው። አዲስ አበባ የኖረ ሰው አዲስ አበባ ላይ ስለተጻፈ ልብ ወለድ ሁሉ ምስክር ሁን ቢባል እንዴት ይሆንለታል? ከዚህ የባሰው ደግሞ ሌሎቹ የራሳቸውን አስተያየት ትተው የእሱን መልስ መጠበቅ ጀመሩ።

ከ10 ነጥብ ስጡ የሚለውንም ሞከርኩ። ጋሼ 4 ሰጡ፣ ታክሲ ነጂው 9። ከዚያ የሚወራ ነገር አልተገኘም።

የሠራው

የመጀመሪያው ነገር ሳናስበው የመጣ ነው። ያን ሁለተኛውን ቀን የቤቱ ባለቤት ለመምህሩ ሲኒ ስታቀብለው እጁን ዘረጋና ቆም አለ። «እዚያ ዕቃ ሲሰጥ እንዲህ ነው» ብሎ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ግራ እጁን የቀኙ ክንድ ላይ አሳረፈ። ቤቱ ፀጥ አለ። ለትልቅ ሰው እጅ ስንሰጥ የምናደርገው እኮ ነው! ከመካከላችን አንዷ እህት ተነስታ ጋሼን እንዲሁ አድርጋ ጨበጠቻቸው።

ከዚያ ወሬው በራሱ መጣ። መምህሩ የጠዋት ሰላምታቸው «እንዴት ተነሣህ» ማለት እንደሆነ ነገረን፤ እኛ «እንዴት አደርክ» እንላለን። ፑላ የሚባለው ገንዘባቸው ትርጉሙ ዝናብ እንደሆነ፣ ቃሉ የአገሪቱ መፈክር ጭምር እንደሆነ ነገረን። መጽሐፉ ላይ ፑላ ሲል ሁላችንም ብር ብለን ብቻ ነበር ያለፍነው። እነሱ በላቲን «ጂ» የሚጽፉት ድምፅ ከጉሮሮ የሚወጣ መሆኑንም አሳየን። ጋቦሮኔን ሲጠራው የመጀመሪያው ድምፅ ወደ እኛ «ኸ» የቀረበ ነው። ስም ትዘል የነበረችው ሴት ወረቀት አውጥታ ስሞቹን በፊደላችን ጻፈች፤ ለሁላችንም አባዝታ አደለችን። ሦስት ሰው መጽሐፉን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

ልብ በሉ፣ መምህሩ እዚህ ላይ እውነት ነው ሐሰት ነው አላለም። ያየውን ነው ያሳየን። ዳኛ ሲሆን የጠፋው ነገር እንግዳ ሲሆን መጣ።

ሁለተኛው ነገር ጥያቄውን መከፋፈል ነው። ለሦስተኛው ስብሰባ «እንዴት አገኛችሁት» የሚለውን ጣልኩት። በምትኩ ሦስት ጥያቄ ጻፍኩ፦ ምርመራው እንዴት ነው? ቦታው እንዴት ነው? ደራሲው ከየት ሆኖ ነው የሚያየው? አንዱ ሳያልቅ ወደ ሌላው አንሄድም። አስተያየት የሚሰጥ ሰው ደግሞ ገጽ ከፍቶ ያሳያል።

ምርመራው ላይ ጋሼ ገጽ ፈልጉ ተብለው ሲያገላብጡ አንድ ታሪክ ላይ ቆሙ። አንዲት ሴት ቤት አንድ ሰውዬ መጥቶ አባትሽ ነኝ ብሎ ተቀምጦ ይበላል። እሷ ትጠራጠራለች፣ ማረጋገጫ የላትም። ማ ራሞትስዌ የነርስ ልብስ ለብሳ ትመጣና ልጅህ አደጋ ደርሶባታል፣ ደምህ ያስፈልጋል፣ ግን ብዙ ስለሚወሰድ አንተም ልትሞት ትችላለህ ትለዋለች። ሰውየው አባቷ እንዳልሆነ ያወጣል። ጋሼ ይህን ጮክ ብለው አንብበው ቀና አሉ። «ይቺ የሰሎሞን ፍርድ ናት» አሉ። ሕፃኑን ለሁለት ክፈሉት ያለው ንጉሥ ዘዴ መሆኑ ነው። ከዚያ ሌላ ፈለጉ። በአንድ ጣቱ መጥፋት ደጋግሞ ካሳ የሚጠይቅ ሰውዬ አለ፤ ትደርስበታለች፣ ግን ለፖሊስ አሳልፋ አትሰጠውም፣ ጥያቄውን እንዲተው አድርጋ ትሸኘዋለች። ጋሼ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጥቂት አሰቡ። «ይህች ሴት መርማሪ አይደለችም፤ ሽማግሌ ናት። ሥራዋ ጥፋተኛውን መያዝ ሳይሆን ሰፈሩን ማስማማት ነው። እኔ ገዳይ ስፈልግ ነው የጠፋችብኝ።» እኔ ስለዚህ መጽሐፍ የሰማሁት ከሁሉ የተሻለ አስተያየት ይህ ነው። የሰጡትም 4 ነጥብ የሰጡት ሰው ናቸው።

ደራሲው ላይ ግን አልተስማማንም፤ መስማማትም ያለብን አይመስለኝም። ያገኘነው ነገር ቅሬታው መጥራቱን ነው። ልጅቷ ለቱሪስት የተጻፈ ያለችውን ገጽ ስትፈልግ ሌላ ነገር አገኘች። መጽሐፉ ሁሉ ጣፋጭ አይደለም። ባለታሪኳ የሚደበድባት ባል ነበራት፤ የወለደችው ሕፃን የኖረው አምስት ቀን ነው፤ ለባህል መድኃኒት ሳይገደል አልቀረም ተብሎ የሚፈራለት የጠፋ ልጅም አለ። ልጅቷ ይህን ተቀበለች። አቋሟን ግን አልጣለችም፤ አስተካከለችው። «የሚከብደኝ ማጣፈጡ አይደለም። ሰዎቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ለስላሳ ድምፅ ነው የሚናገሩት። ድምፁ የእነሱ ነው ወይስ የእሱ?» አለች። ለዚህ ታክሲ ነጂው መልስ አልነበረውም፤ ግን አልተቆጣም። እንዲያውም በድምፅ ሲሰማ ተራኪዋ ለየሰዉ የተለያየ ድምፅ ስለምትሰጠው ይህ እንዳልታወቀው ተናገረ። የነርሷ ጥያቄ እስከ ዛሬ እንዳለ ነው። ደራሲው ስለ መልካሙ መጻፍ መብቱ ነው ያሉም ነበሩ፤ እሷ ግን በዚያ ሰሞን የቀብር ብዛት ሳያነሱ ስለ ከተማው መጻፍ አይገባኝም አለች። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ።

ሦስተኛው፣ ከሁሉ የተሻለው፣ ትርጉሙ ነው። ለአራተኛው ስብሰባ የመጽሐፉን መጨረሻ፣ መካኒኩ ሚስተር ማቴኮኒ ማ ራሞትስዌን ለጋብቻ የሚጠይቅበትን ቦታ፣ ወደ አማርኛ እንመልስ አልን። ለመጽሔት ወይም ለሌላ ነገር አልነበረም፤ ለራሳችን ነው። አንድ ገጽ ሦስት ሰዓት ፈጀ።

እንግሊዝኛው «ዩ» ብሎ ያልፋል። አማርኛ አያሳልፍም። አንቺ ይበላት ወይስ እርስዎ? እሷስ አንተ ትበለው? ወጣቶቹ አንተና አንቺ ይሁን፣ ሊጋቡ ነው አሉ። መጽሐፉ ግን ሰውየውን ከነሙሉ ስሙ «ሚስተር ጄ. ኤል. ቢ. ማቴኮኒ» እያለ ነው የሚጠራው፤ እሷም እንደዚሁ። ልጅቷ ይህ የማይመስል ነገር ነው ብላ ነበር፤ የሚወደውን ሰው በሙሉ ስሙ የሚጠራ ማን አለ? ያን ጊዜ ያቺ ጋሼን የጨበጠችው እህት ተናገረች። «እናቴ 40 ዓመት ስትኖር አባቴን በስሙ ጠርታው አታውቅም። አንቱ ነበር የምትለው። ስትሞት ራሱ አንቱ እያለችው ነው የሞተች። ፍቅር አልነበራቸውም ልትሉኝ ነው?»

ማንም ምንም አላለም። ልጅቷ እርሳሷን አንስታ አንቺ የሚለውን ሰርዛ እርስዎ ብላ ጻፈች።

ሌሎች ቡድኖች ቢሞክሩት

ቦታው የገነነበት መርማሪ ልብ ወለድ የምታነቡ ከሆነ ገና ከመጀመሪያው ማን በጆሮው፣ ማን በዓይኑ እንዳነበበ ጠይቁ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ጥያቄ ነው፤ እኛ አንድ ወር ሙሉ ሳናውቀው ተኳረፍን። የሰውና የቦታ ስሞችን በፊደላችን ጽፎ ቀድሞ ማደል በጣም ይረዳል፤ ሰው መጥራት የማይችለውን ስም አይወድም።

በመካከላችሁ አገሩን የሚያውቅ ሰው ካለ ያየውን እንዲያሳይ ጋብዙት፣ ፍረድ አትበሉት። እሱ ከፈረደ ሌላው ዝም ይላል። አስተያየት ሁሉ ከገጽ ጋር ይምጣ፤ ጋሼ ሐሳባቸውን ያገኙት ገጽ ሲፈልጉ ነው፣ ልጅቷም ቅሬታዋን ያጠራችው ገጽ ስትፈልግ ነው። ምርመራውን፣ ቦታውንና ደራሲውን ለየብቻ አንሱ። ሦስቱ ሲደባለቁ አንዱ ስለ ሴራው ሲናገር ሌላው ስለ ክብሩ የተነካ ይመስለዋል። የእኛ ጠብ መነሻው እዚህ ነበር።

ለትርጉሙ ደግሞ ረጅም ምዕራፍ አትምረጡ። አንድ ገጽ፣ ሁለት ሰው የሚነጋገርበት ይሁን። ቋንቋ የሚችል የማይችል የሚባል ነገር የለም፤ አንቺና እርስዎን መለየት የማይችል አማርኛ ተናጋሪ የለምና። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው ሁለት ሰዎች ከሁላችን በላይ የተናገሩት ያን ቀን ነው።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ታክሲ ነጂው ለሦስተኛው ስብሰባ ተመልሷል። አንመጣም ካሉት ሁለት ሰዎች አንዱ መጣ፤ አንዷ ቀርታለች፤ ደውዬላታለሁ፣ እንደገና እደውላለሁ።

ገጹ ግን አላለቀም። «ማ» የሚለውን ቃል በምን እንደምንመልሰው አልተስማማንም። ወይዘሮ ቢሮ ቢሮ ይሸታል። እማማ አይሆንም፣ ሴትየዋ ገና በ30ዎቹ ውስጥ ናት። ጋሼ እትዬ ይሁን ይላሉ። ልጅቷ እትዬ የጌታና የሎሌ ነገር ያስታውሰኛል፣ እንዳለ ማ ይሁን ትላለች። መምህሩ ሁለቱንም ሰምቶ፣ እዚያ ለሚኒስትሯም ጎመን ለምትሸጠውም ያው ማ ነው የሚባለው አለ። ወረቀቱ እኔ ጋ ነው። ቃሉ ያለበት ቦታ ሁሉ በእርሳስ ተከብቦ ባዶውን ተቀምጧል፤ ለመጪው እሑድ ተራው የነርሷ ቤት ነው፣ ይዤው እሄዳለሁ።